ኤርብረሽን ከትልቅ የጋራዥ ኮምፕሬሰር ጋር እንዴት እናገናኝ?

«ኤርብረሽ ገዛሁ። ጎረቤቴ ጋራዥ ትልቅ ኮምፕሬሰር አለ። ብገጥመው ይፈነዳብኛል?» ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማለሁ። ኤርብረሽ ቀለምን በአየር እየረጨ የሚሥል፣ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባጃጅና ሞተር ላይ የሚሥሉ፣ ማስታወቂያ የሚጽፉ፣ ቲሸርት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ ያሉ። ለኤርብረሽ ተብላ የተሠራችውን ትንሽ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ገንዘቡ አልሞላም። ከአጥሩ ማዶ ግን የጎሚስታው ወይም የላሜራ ቤቱ ኮምፕሬሰር ቀኑን ሙሉ ያጓራል። እኔም የምሠራው ገላን፣ አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ነው። አየሬን የማገኘው ከዚያው ነው። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል። እንዲያውም በደንብ ከተገጠመ ከትንሿ ይሻላል። ኤርብረሽ በደቂቃ የሚፈልገው አየር ከ10 እስከ 15 ሊትር ገደማ ነው። ለባለ 200 ሊትር የአየር ታንከር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ታንከሩ 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶ መብራት ቢጠፋ እንኳ፣ ሌላ ሰው ካልተጠቀመበት፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ ትሥላላችሁ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጋራዥ ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8 ወይም 10 ባር ይሞላል፤ ኤርብረሽ ግን ለአብዛኛው ሥራ 1 ወይም 2 ባር ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ አየሩ ውሃ፣ ዘይትና ዝገት ይዞ ይመጣል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። ሥራ የሚያበላሸው ግን ሁለተኛው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ጀርባ ላይ አንበሳ እየሣልኩ ነበር። የቀረኝ ዓይኑ ብቻ ነው። አየር የሚከፍተውን የኤርብረሹን መጫኛ ጫን ሳደርግ ጠብ አለች፤ ሻይ የመሰለች አንዲት ጠብታ። ልክ ብሌኑ ላይ አረፈች። ከዚያ ጥቁሩን ይዛ በጉንጩ በኩል እስከ ጢሙ ወረደች። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ከታች ውሃን በተመለከተ የምደጋግመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሬጉሌተርና የውሃ ማጥመጃ አብሮ ያለው። ከታች ውሃ የሚጠራቀምበት ግልጽ ብርጭቆ፣ ከላይ ግፊት የሚቀንስ ቁልፍ ያለው ማለት ነው። መግቢያና መውጫው 1/4 ኢንች ቢሆን ይመቻል።
- ከ0 እስከ 4 ባር የሚያሳይ ጌጅ (የግፊት ማሳያ)። ከሬጉሌተሩ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ እስከ 10 ወይም 16 ባር ነው። በእሱ ላይ 1.2ን ከ1.6 ለመለየት ዓይን ያደክማል።
- ከኮምፕሬሰሩ እስከ ሥራ ቦታችሁ የሚደርስ የአየር ጎማ፣ ቢያንስ 8 ሜትር። ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን ከኮምፕሬሰሩ ከፍተኛ ግፊት በላይ መሆን አለበት።
- ቀጭንና ለስላሳ የኤርብረሽ ጎማ፣ 2 ወይም 3 ሜትር።
- ከ1/4 ወደ 1/8 ኢንች የሚያወርድ የነሐስ ማገናኛ።
- ቲ (መስመሩን ለሁለት የሚከፍል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ)፣ አንድ ሩቢኔት፣ ጠቅ ብሎ የሚገባ የአየር ማገናኛ ወንድና ሴት።
- ኤርብረሹ ሥር የምትገጠም ትንሽ የውሃ ማጥመጃ። ግዴታ አይደለችም፤ ለክረምት ግን እንዳታልፏት።
- ቴፍሎን፣ ፋሼታ፣ ሁለት እንግሊዝ ቁልፍ፣ የሳሙና ውሃ፣ አሮጌ መስታወት።

መርካቶ ስትሄዱ ኤርብረሹን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። «1/8» የሚባለው ጥርስ በማስመሪያ ሲለካ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ «1/4» የሚባለው ደግሞ 13። ስሙና ልኩ አይገጥምም። በስም ብቻ የጠየቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ሱቁ ውስጥ በእጃችሁ አስገብታችሁ ሞክሩት። ያለ ቁልፍ ሦስት አራት ዙር በቀላሉ ከገባ ልኩ ነው። አንድ ዙር ገብቶ ከያዘ ሌላ ዓይነት ጥርስ ነው፤ አትግዙት። በግድ የገባ ነሐስ ጥርሱን ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሻጩ «ሙሉ ስብስብ» ብሎ ሁለት ብርጭቆ ያለው ሊያወጣላችሁ ይችላል። ሁለተኛው ብርጭቆ ዘይት የሚሞላበት ነው። እሱ ብሎን መፍቻ ለመሰሉ የአየር መሣሪያዎች የተሠራ ነው፤ አየሩ ላይ ሆን ብሎ ዘይት ይጨምራል። ለቀለም መርዝ ነው። ባለ አንድ ብርጭቆውን ውሰዱ።

አሠራሩ

1. መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ከዚያ ኮምፕሬሰሩን እዩ።

ባለቤቱን ሳትጠይቁ ምንም አትፍቱ። «ጋሼ፣ ከመስመሩ ላይ አንድ ቲ ላውጣ፤ ጎማ መንፊያዎን አይነካም» ካላችሁ እምቢ የሚል ብዙም አላየሁም። ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ሴፍቲ ቫልቩን ፈልጉ። ታንከሩ ላይ ወይም ከጌጁ አጠገብ ያለች፣ ብዙ ጊዜ ቀለበት የተንጠለጠለባት የነሐስ ቫልቭ ናት። ግፊት ከልክ ሲያልፍ ራሷ ተከፍታ የምታስተነፍሰው እሷ ናት። ስላስተነፈሰች በብሎን የደፈኗት ቦታ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ኮምፕሬሰር አጠገብ አትሥሩ፤ ለባለቤቱም ንገሩት። ታንከሩ የተበየደ ወይም ሥሩ በዝገት የተበላ ከሆነም እንደዚያው።

2. የታንከሩን ውሃ አፍስሱ።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ታንከሩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ውሃ ሆኖ ከሥር ይተኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወጣው ብዛት ያስደነግጣል። ኮምፕሬሰሩን አጥፉ። ግፊቱን ወደ 1 ወይም 2 ባር አውርዱ። ከዚያ ከታንከሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በቀስታ ክፈቱ፤ ፊታችሁን አርቁ። ቡናማ ውሃ ይወጣል፤ ከተወ ቆይቶ ከሆነ ወተት የመሰለ ዘይትና ውሃም አለው። ንጹሕ አየር ብቻ እስኪሆን ጠብቁ። ለወራት ያልተፈሰሰ ታንከር ላይ ይህ አሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

3. የራሳችሁን መስመር አውጡ።

ታንከሩ ውስጥ ምንም ግፊት አለመኖሩን በጌጁ አረጋግጡ። ከዚያ ከመውጫው ላይ ቲ ግጠሙ። አንዱ ወገን እንደ ድሮው ወደ ጋራዡ ይሂድ። በሌላው ላይ ሩቢኔት አድርጋችሁ የእናንተን ጎማ ቀጥሉ። ይህ ለምን አስፈለገ? ጎሚስታው 7 እና 8 ባር ይፈልጋል። ዋናውን መስመር ለእናንተ ብላችሁ ብትቀንሱት የእሱ ሥራ ይቆማል፤ ቁልፉን መልሶ ሲከፍተው ደግሞ ሙሉው ግፊት እናንተ ላይ ይመጣል። መስመራችሁ ለብቻ ከሆነ ሁለታችሁም በሰላም ትሠራላችሁ።

ጎማው አዲስ ይሁን። በብሎን መፍቻ ላይ የቆየ ጎማ ውስጡ ዘይት ጠጥቷል፤ በምንም አታጠሩትም።

4. የውሃ ማጥመጃውን ከኮምፕሬሰሩ አርቁ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማጥመጃውን ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ይገጥመዋል። እዚያ ቦታ አየሩ ገና ሙቅ ነው። ውሃው ደግሞ ገና እንፋሎት ነው። ይህ ማጥመጃ የሚይዘው ጠብታ እንጂ እንፋሎት አይደለም። እንፋሎቱ ሰተት ብሎ ያልፍና ጎማው ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ የሚሆነው ከማጥመጃው በኋላ ነው። ከዚያ እጃችሁ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ አየሩ 8 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ተጉዞ ይቀዝቅዝ። ማጥመጃውን እናንተ ጋ፣ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ እሰሩት። ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ወደ ታች መሆን አለበት። አካሉ ላይ ቀስት አለ፤ አየሩ በቀስቱ አቅጣጫ ካልሄደ አይሠራም። ጎማው ደግሞ ወደ ማጥመጃው ሲደርስ ከታች ወደ ላይ ይውጣ እንጂ ከላይ አይውረድ። በመንገድ የተፈጠረው ውሃ ከታች በኩል ይቀራል። ጎማውን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ብታሳልፉት ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

5. ጥርሶቹን ቴፍሎን ጠቅልላችሁ አጥብቁ።

የማገናኛውን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ቴፍሎኑን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ጠቅልሉ፤ ሦስት አራት ዙር። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁ ስታጠብቁት ይፈታል። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉአት። ምክንያቱም የተቆረጠች የቴፍሎን ክር ወደ ውስጥ ከገባች የኤርብረሹን ቫልቭ ትደፍናለች። በሁለት ቁልፍ ሥሩ፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ያጥብቅ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ጉልበት አታብዙ።

ኤርብረሹ ራሱ የሚገጠምበት ጫፍ ላይ ግን ቴፍሎን አይደረግም። እዚያ ትንሽ ላስቲክ አለች፤ አየር የምትይዘው እሷ ናት። በእጅ ማጥበቅ ይበቃል።

6. ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አየር ክፈቱ።

የሬጉሌተሩን ቁልፍ ወደ ግራ እያዞራችሁ እስኪላላ ድረስ ፍቱት። ይህ ማለት ዝግ ነው። ኤርብረሹ ገና አልተገጠመም፤ ቀጭኑን ጎማ ጫፉን ያዙት። አሁን ሩቢኔቱን በቀስታ ክፈቱ። ቁልፉን ወደ ቀኝ ጥቂት አዙሩና አየሩ ለአንድ ደቂቃ ይንፈስ። አዲስ ጎማ ውስጥ ያለ ብናኝና የጥርስ ፍርፋሪ ሁሉ በዚህ ይወጣል። ይህን የዘለለ ሰው ፍርፋሪውን ኤርብረሹ ውስጥ ያገኘዋል።

7. በሳሙና ውሃ ፈትሹ።

ኤርብረሹን ግጠሙ። እያንዳንዱን መገናኛ በሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ከነፋ ይተነፍሳል። ትንሽም ብትሆን አትናቋት፤ ኮምፕሬሰሩ በየጊዜው እየተነሳ ይሠራል፣ የባለቤቱ የመብራት ቆጣሪም አብሮ ይሄዳል። ፈቃዱን የምታጡት በዚህ ነው።

8. ግፊቱን አየር እየፈሰሰ ለኩ።

መጫኛውን ሳትጫኑ ጌጁ 2 ባር ቢያሳይ፣ ስትጫኑ 1.6 ሊሆን ይችላል። የምትሥሉት በሁለተኛው ነው። ስለዚህ መጫኛውን ወደ ታች ጫን ብላችሁ፣ አየሩ እየወጣ፣ ቁልፉን አስተካክሉ።

ለቀጭን መስመርና ለፊት ጥላ፦ ከ1 እስከ 1.4 ባር። ለተለመደ ሥራ፦ ከ1.4 እስከ 2 ባር። ለቲሸርት፣ ወፍራም የጨርቅ ቀለም ስለሆነ፦ ከ2.5 እስከ 3.5 ባር። ጌጃችሁ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ለመቀነስ ስትፈልጉ ከሚፈለገው በታች ዝቅ አድርጉና መልሳችሁ ወደ ላይ አምጡት። ከላይ ወደ ታች ብቻ ያስተካከላችሁት ትንሽ ቆይቶ ይንሸራተታል። ከዚያ ቁልፉን ወደ ታች ተጭናችሁ ቆልፉት።

አንዳንዱ «እኛ ከፍታ ቦታ ላይ ነን፤ ግፊት ልጨምር?» ይላል። አይጨመርም። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ 1.5 ባር እዚህም 1.5 ነው። አየራችን ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ኮምፕሬሰሩ ታንከሩን ለመሙላት ብዙ ይደክማል፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ለኤርብረሽ አያሳስብም።

9. ቀለም ሳትጨምሩ መስታወት ላይ ሞክሩ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። አሮጌውን መስታወት በደንብ ወልውሉ። ባዶውን ኤርብረሽ በአንድ ስንዝር ርቀት ይዛችሁ ለሁለት ደቂቃ አየር ብቻ ንፉበት። ከዚያ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ምንም ከሌለ ጥሩ ነው። ጠብታ ካለ ውሃ ነው፤ ወደ 2 እና 4 ተመለሱ። በጣት ሲነካ የሚያዳልጥና ቀስተ ደመና የሚሠራ ካለ ዘይት ነው። እሱ ከኮምፕሬሰሩ የፒስተን ቀለበት ማለቅ ሊሆን ይችላል፤ ማጥመጃ ብቻውን አያጠራውም፤ ዘይት የሚይዝ ተጨማሪ ፊልተር ያስፈልጋል። ዘይት የነካው ገጽ ላይ ቀለም ይሸሻል፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። በላዩ ላይ ብትደርቡም አይሸፈንም።

10. ማታ ዝጉት።

ሩቢኔቱን ዝጉ። መጫኛውን ተጭናችሁ በጎማው ውስጥ የቀረውን አየር አስወጡ። ጌጁ 0 ሲል የሬጉሌተሩን ቁልፍ አላሉ፤ ስፕሪንጉ ይረፍ። የብርጭቆውን ውሃ አፍስሱ። ኤርብረሹን ንቀሉና እጠቡ።

ሰው የሚሳሳትባቸው

ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ከተበተነ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይም ቀለሙ ቀጥኗል፣ ወይም በጣም ቀርባችኋል። መጀመሪያ ግፊቱን ቀንሱ።

ኩባያው ውስጥ አረፋ ከፈላ ኮምፕሬሰሩን አትውቀሱ። የኤርብረሹ አፍንጫ ላልቷል ወይም ተሰንጥቋል።

መጫኛውን ለቃችሁ ጌጁ ብቻውን ቀስ እያለ ከወጣ፣ የሬጉሌተሩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል። ይህን አትለፉት። ቀጭኑ ጎማ 8 ባር ላይችል ይችላል። አየሩን ዘግታችሁ አጽዱት ወይም ቀይሩት።

ጎሚስታው ጎማ በነፋ ቁጥር የእናንተ መስመር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ሁለት ሬጉሌተር አድርጉ። አንዱ ከቲው አጠገብ ወደ 4 ባር ያውርድ፤ ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ወደ 1.5። የታንከሩን መዋዠቅ የመጀመሪያው ይውጠዋል፤ ለእናንተ የሚደርሰው ጸጥ ያለ አየር ነው።

የማጥመጃውን ብርጭቆ በቲነር አትጠቡ። ብርጭቆ ይባላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። ቲነር በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥርበታል፤ ከዚያ በግፊት ይበታተናል። በሳሙናና በውሃ ብቻ።

ማስጠንቀቂያ

በፒቪሲ የውሃ ቧንቧ የአየር መስመር አትዘርጉ። ርካሽ ነው፤ ሰውም ያደርገዋል። ፒቪሲ ግን ሲሰበር እንደ ጎማ አይተነፍስም፤ እንደ ብርጭቆ ይበታተናል። ስብርባሪው ሥጋ ይቆርጣል። ለውሃ የተሠራ ነው፣ ለውሃ ይቅር። የጋዝ ምድጃ ጎማም ለዚህ አይሆንም።

አየሩን ወደ ሰውነት አታድርጉ። ልብስ ለማራገፍ ብላችሁም፣ ለጨዋታም። የታመቀ አየር በቁስል በኩል ቆዳ ሥር ሊገባ ይችላል፤ ዓይንና ጆሮን ይጎዳል።

ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ የመኪና ቀለም ወይም ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጭ አንጸባራቂ ሽፋን) ከሆነ የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም። ተራው የካርቦን ማስክም ለዚህ ቀለም አስተማማኝ አይደለም፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያመጣ ጭምብል ይፈልጋል። ያ ከሌላችሁ ይህን ቀለም ተዉት፣ በውሃ የሚቀጥነውን ተጠቀሙ። እሱንም በማስክና በር ከፍታችሁ። ቲነር የምትረጩ ከሆነ ብየዳ ከሚሠራበት ራቁ፤ ላሜራ ቤት ውስጥ እሳትና ቲነር አንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ።

በመጨረሻ፣ ኬክ የሚሠሩ እህቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። በጋራዥ ኮምፕሬሰር ኬክ አትርጩ። መስታወቱ ላይ ንጹሕ ቢመስልም ከታንከሩ የሚመጣውን ዘይትና ዝገት እስከ መጨረሻው የሚያጠራ ነገር ከላይ በጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ የለም። ለምግብ ዘይት የሌላት ትንሿ ኮምፕሬሰር ናት የምትሆነው፤ ኤርብረሹም ቀለም ገብቶበት የማያውቅ ለብቻው ይሁን።